የትምህርት ቦርድ አባል አናፖሊስ ድረስ የሚሄደው ለምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሜሪላንድ፣ በተለይም በሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ፤ አናፖሊስ የሜሪላንድ ዋና ከተማና የስቴቱ ምክር ቤት መቀመጫ ናት፤ የዘመን አቆጣጠሩ በሙሉ የአውሮፓውያን ነው።

የትምህርት ቦርድ አገር ቤት ከምናውቀው የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጋር አንድ ነው?

አንድ አይደለም። ወመተኅ የምንለው ኅብረት የአንድ ትምህርት ቤትን ጉዳይ የሚከታተል ሲሆን፣ በአሜሪካ ለእርሱ የሚቀርበው ፒቲኤ የሚባለው የወላጆችና የመምህራን ማኅበር ነው። የትምህርት ቦርድ ግን የአንድን ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሙሉ የሚመራ ሕጋዊ አካል ነው፤ ሱፐርኢንቴንደንት የሚባለውን የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ ይቀጥራል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የየትኛው ሰፈር ልጅ ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ይወስናል። ሜሪላንድ እንዲህ ያሉ 24 የትምህርት አስተዳደሮች አሏት፤ 23ቱ የካውንቲዎች ሲሆኑ አንዱ የባልቲሞር ከተማ ነው።

የሞንጎመሪ ካውንቲ ቦርድ 8 አባላት አሉት። ሰባቱን የካውንቲው መራጮች ለአራት ዓመት ይመርጧቸዋል። ከሰባቱ አምስቱ ከየወረዳቸው የሚወዳደሩ ቢሆኑም ድምፅ የሚሰጣቸው መላው ካውንቲ ስለሆነ፣ «የእኔ ተወካይ የትኛው ነው?» እያለ የሚጨነቅ ወላጅ ለሁሉም ሊጽፍ ይችላል። ስምንተኛው አባል ራሱ ተማሪ ነው፤ የሚመርጡትም ተማሪዎች ናቸው፤ የሥራ ዘመኑም አንድ ዓመት ነው።

ትምህርት ቤቶቹን የሚመራው ቦርዱ ከሆነ የስቴቱን ምክር ቤት ለምን ይለምናል?

ሥልጣኑም ገንዘቡም ከሌላ ቦታ ስለሚመጣለት ነው። የ1867ቱ የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት የተሟላና ብቁ የሆነ የነጻ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት የማቋቋሙን ግዴታ የጣለው ጄኔራል አሴምብሊ በሚባለው፣ ሴኔትና የዴሌጌቶች ምክር ቤት የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ባሉት የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪ በዓመት ቢያንስ 180 ቀን እንዲማር፣ ቦርዱ ስንት አባላት እንዲኖሩት፣ ሌላው ቀርቶ ለአባላቱ ምን ያህል እንዲከፈላቸው የሚደነግገው የስቴቱ ሕግ ነው። የተማሪ አባላት ድምፅ የመስጠት መብት በሃዋርድ ካውንቲ ክርክር አስነሥቶ እስከ ስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜም፣ በ2022 የጸናው ያንን መብት የሰጠው የስቴት ሕግ ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የሜሪላንድ የትምህርት ቦርዶች ግብር የመጣል ሥልጣን የላቸውም። በብዙ ሌሎች ስቴቶች ቦርዱ ራሱ የንብረት ግብር ይጥላል፤ እዚህ ግን የቦርድ አባል ሁለት ደጅ ይጠናል፤ አንዱ በሮክቪል የሚገኘው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፣ ሌላው አናፖሊስ ነው። የመጀመሪያውን ደጅ በከፊል የሚያስከፍተውም ሁለተኛው ነው፤ ካውንቲው ለእያንዳንዱ ተማሪ ካለፈው ዓመት ያነሰ ገንዘብ እንዳይመድብ የሚያስገድደው የስቴት ሕግ ነውና። ይህ ሕግ በ2012 እንዲጠብቅ የተደረገው፣ ከኢኮኖሚው ድቀት በኋላ በነበሩት ዓመታት አንዳንድ ካውንቲዎች ግዴታቸውን ሳይወጡ በመቅረታቸው ነበር።

የስቴቱ ምክር ቤት ጉባኤ መቼ ነው? ጉዳዬንስ መቼ ባነሣ ይሻላል?

ጉባኤው በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ ለ90 ቀናት ይቆያል፤ በኤፕሪል ይዘጋል። በእነዚህ 90 ቀናት ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ። ማርች አጋማሽ ካለፈ በኋላ ከቀረበበት ምክር ቤት ወደ ሌላው ያልተሻገረ ረቂቅ የመጽደቅ ዕድሉ እጅግ ይጠብባል፤ ይህን ቀን የሥራው ሰዎች ክሮስኦቨር ይሉታል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቦርድ አባል ሥራ የሚጀምረው በጃንዋሪ ሳይሆን ከትምህርት መክፈቻ እስከ ታንክስጊቪንግ ባለው ጊዜ ነው። ቦርዱ ለመጪው ጉባኤ የሚይዘውን አቋም የሚመክርበትና የሚያጸድቀው፣ ከካውንቲው ሴናተሮችና ዴሌጌቶች ጋር የሚገናኘው፣ ረቂቅ የሚያቀርብ ተወካይ የሚፈልገው በዚያን ጊዜ ነው። ሞንጎመሪን ብቻ የሚመለከቱ ረቂቆችም እንደ ልማዱ ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት እዚያው በካውንቲው ውስጥ ሕዝብ አስተያየት ይሰጥባቸዋል። በማርች መቶ ፊርማ ይዞ የመጣ ወላጅ ከሚያገኘው ይልቅ በኦክቶበር አንድ ገጽ ደብዳቤ የጻፈ ወላጅ የሚያገኘው ይበልጣል ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

የቦርዱ አባል አናፖሊስ ሲደርስ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

የሚታየው ሥራ ምስክርነት መስጠት ነው። አባሉ ወይም ቦርዱ አቋሙን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባል፤ በጽሑፉ ራስጌ ላይ ረቂቁን እንደሚደግፍ፣ ማሻሻያ ተደርጎበት እንደሚደግፍ ወይም እንደሚቃወም በግልጽ ያመለክታል። ከዚያም ኮሚቴው ፊት ተቀምጦ ይናገራል፤ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ከሮክቪል አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ፣ መኪና ማቆሚያ ፈልጎ፣ ስሙ እስኪጠራ ሰዓታት ጠብቆ ሁለት ደቂቃ መናገር ለሚያየው ሰው ከንቱ ድካም ይመስላል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1783 የጦር አዛዥነቱን ሥልጣን የመለሰበትን አዳራሽ መጎብኘት ግን ለጠባቂ ሰው መጥፎ ማሳለፊያ አይደለም፤ አዳራሹ ያለው እዚያው ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት በስቴት ሀውስ ውስጥ ነው።

የማይታየው ሥራ ይበልጣል። የኮሚቴ አባላት ስለ ረቂቁ ጥቅል ሐሳብ ከሎቢስቶችና ከማኅበራት ብዙ ይሰማሉ፤ ብዙ የማይሰሙት የአንቀጹ ቃል ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ትምህርት ቤቶች አንድን ነገር ለወላጆች በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ የሚያዝዝ ረቂቅ ቀረበ እንበል። በወረቀት ላይ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን የሞንጎመሪ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኳቸውን ዋና ዋና መልእክቶች ወደ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ኮሪያኛ፣ ቬትናምኛና አማርኛ ያስተረጉማሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ አማርኛ የሚደርሰው ከሆነ ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ካልደረሰ ደግሞ ሕጉ የሚሠራው እንግሊዝኛ ለሚያነብ ወላጅ ብቻ ነው። ይህን በኮሪደር ላይ ለኮሚቴ አባል ወይም ለረዳቱ አስረድቶ፣ ሊተካ የሚገባውን ዐረፍተ ነገር ጽፎ የሚሰጥ የቦርድ አባል ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ይሠራል።

ረቂቁ ሕግ እስኪሆን ድረስ በየት ያልፋል? ብዙ ጊዜስ የት ይቀራል?

ጄኔራል አሴምብሊው 47 መቀመጫ ያለው ሴኔትና 141 መቀመጫ ያለው የዴሌጌቶች ምክር ቤት ነው፤ እያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች አሉት። ረቂቅ ለማለፍ በሴኔት 24፣ በዴሌጌቶች ምክር ቤት 71 ድምፅ ያስፈልገዋል፤ መቅረት እንደ ተቃውሞ የሚቆጠረው ለዚህ ነው፤ ስሌቱ በተገኙት ሳይሆን በጠቅላላው አባላት ነውና።

አብዛኛው የሚቀረው ግን በድምፅ ተሸንፎ ሳይሆን በኮሚቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። በሜሪላንድ ልማድ እያንዳንዱ ረቂቅ ለማለት ይቻላል የኮሚቴ ስሚ፣ ማለትም ምስክርነት የሚሰማበት ስብሰባ፣ ያገኛል፤ ከስሚው በኋላ ግን ሰብሳቢው ለድምፅ ካላቀረበው ያው ዝምታ ነው። የትምህርት ጉዳዮች በዴሌጌቶች በኩል ለረጅም ጊዜ የሚታዩት ዌይስ ኤንድ ሚንስ በተባለው ኮሚቴ ሲሆን፣ በሴኔት በኩል ከ2023 ጀምሮ የትምህርት፣ የኢነርጂና የአካባቢ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴዎች ስምና ሥልጣን ስለሚቀያየር የረቂቁን ቁጥር በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አስገብቶ በእጁ የያዘው ኮሚቴ የትኛው እንደሆነ ማየት ይበጃል።

ለልጆች የሚጠቅም የሚመስል ረቂቅ ሲቀርብ ቦርዱ የሚቃወመው ለምንድን ነው?

ወላጆችን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣው ይህ ነው፤ ቁጣውም መሠረት የለውም አይባልም። የተለመደው ምክንያት ሕጉ ሥራ እያዘዘ ገንዘብ አለመስጠቱ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ተጨማሪ ባለሙያ እንዲኖረው የሚያዝዝ ሕግ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች ላሉት ካውንቲ ከ200 በላይ ደመወዝ ማለት ነው፤ ስቴቱ ካልከፈለው ከሌላ ነገር ይቀነሳል፣ የሚቀነሰውም ብዙ ጊዜ በሕግ ያልተጠበቀው ነው። የምክር ቤቱ የባለሙያዎች መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ረቂቅ የወጪ ትንታኔ ያዘጋጃል፤ በትንታኔው ውስጥ በካውንቲዎች ላይ የሚወድቀው ወጪ ለብቻው ይገለጻል። ቦርዱ ለምን እንደተቃወመ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከቦርዱ መግለጫ በፊት ያንን ገጽ ቢያነብ ይመረጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥልጣን ነው። ቦርዶች በየካውንቲው ሊወሰን የሚገባው ጉዳይ በስቴት ሕግ እንዳይታሰር ይከራከራሉ፤ የአፓላችያን ተራራ ላይ ያለው የጋሬት ካውንቲና ከዋሽንግተን ጋር የሚዋሰነው ሞንጎመሪ አንድ ዓይነት መመሪያ እንደማይመቻቸው እሙን ነው። ሆኖም «ለካውንቲው ይተው» የሚለው መከራከሪያ አንዳንድ ጊዜ ቦርዱ ሊሠራው የማይፈልገውን ነገር መሸፈኛ ይሆናል። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ቦርዱ ጉዳዩን በራሱ መመሪያ ለመፍታት ያዘው ቀነ ገደብ አለ ወይ?

የቦርዱ አባል ከቦርዱ አቋም የተለየ ሐሳብ መናገር ይችላል?

ይችላል፤ ነገር ግን በማን ስም እንደሚናገር መለየት አለበት። ቦርዱ አቋም የሚይዘው በስብሰባ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ነው፤ ስለዚህ «ቦርዱ ይደግፋል» ማለት የሚቻለው ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ነው። በድምፅ የተሸነፈ አባል በግሉ ቀርቦ የተለየ አስተያየት ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ መሆኑን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የኮሚቴ አባላት በአንድ ቦርድ ውስጥ መከፋፈል ሲያዩ ረቂቁን ለሌላ ዓመት ማቆየት ስለሚቀላቸው፣ ብልህ አባል ለብቻው ከመሄዱ በፊት ባልደረቦቹን ለማሳመን ይደክማል።

ለገና ጃንዋሪ 7 ትምህርት ቤት እንዲዘጋ የምንጠይቀው አናፖሊስን ነው ወይስ ቦርዱን?

ቦርዱን ነው። ስቴቱ 180ውን ቀንና አንዳንድ የግዴታ በዓላትን ይደነግጋል፤ የቀረውን የቀን መቁጠሪያ የሚያወጣው የካውንቲው ቦርድ ነው። የሞንጎመሪ ሙስሊም ማኅበረሰብ ለዓመታት የተከራከረው ሮክቪል በቦርዱ ፊት ነበር፤ ቦርዱም በ2015 በድምፅ ወስኖ ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ኢድ በሚውልበት ቀን ተማሪዎች እንዳይገቡ አድርጓል። ክርክሩ ስለ ሃይማኖት ሳይሆን በዚያ ቀን ስንት ተማሪና መምህር እንደሚቀር በሚያሳይ ቁጥር ላይ የሚያርፍ ስለሆነ፣ የሀበሻ ወላጆችም ጥያቄውን ሲያቀርቡ ቀሪ ተማሪዎች መመዝገባቸውን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። እስከዚያው ድረስ ልጅዎ ለገና ወይም ለፋሲካ ቢቀር፣ በስቴቱ ደንብ የሃይማኖት በዓል ማክበር ሕጋዊ የቀሪ ምክንያት ነው፤ ደብዳቤ መላክ አይርሱ።

የቋንቋ ጉዳይ ግን ሁለቱንም ደጅ ይነካል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አጥርተው ለሚያውቁ ተመራቂዎች በዲፕሎማቸው ላይ ማኅተም የሚሰጠው ሕግ በ2016 የጸደቀው በአናፖሊስ ነው፤ በየካውንቲው ሥራ ላይ መዋሉ ግን በየቦርዱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው።

ዜግነት የለኝም፤ ምስክርነት መስጠት ወይም ተወካዮችን ማነጋገር እችላለሁ?

ይችላሉ። መንግሥትን አቤት የማለት መብት ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አይደለም። የማይችሉት ለቦርዱ አባላት ድምፅ መስጠት ነው፤ እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ጥቂት የሜሪላንድ ከተሞች ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ ድምፅ ይፈቅዳሉ፣ የትምህርት ቦርድ ምርጫ ግን የካውንቲ ምርጫ ስለሆነ በዚያ አይካተትም። ልጅዎ በነጻ የመማር መብቱም በወላጅ ዜግነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ላይ አይመሠረትም፤ ይህ በ1982 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የጽሑፍ ምስክርነቶች በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ፤ ስሚውም በቪዲዮ ይተላለፋል፤ ሁለቱም ለዓመታት ይቆያሉ። ስለዚህ የልጅዎን ሙሉ ስም፣ የሕመም ታሪክ ወይም የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን በምስክርነት ውስጥ አያስገቡ። እንዲህ ያለው ታሪክ መነገር ካለበት ስም ሳይጠቅስ የሚያቀርበው ሰው መኖሩ አንዱ የቦርድ አባል ጥቅም ነው።

የስቴቱ ምክር ቤት በትምህርት ቤቶች በጀት ላይ ገንዘብ መጨመር ይችላል?

በሜሪላንድ ይህ ከሚመስለው በላይ የተወሳሰበ ነው። በ1916 የተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጀቱን የማዘጋጀት ሥልጣን ለገዥው ሰጠ፤ ምክር ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ከገዥው በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። በ2020 መራጮች ያጸደቁት ማሻሻያ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ጠቅላላው ድምር ገዥው ካቀረበው እስካልበለጠ ድረስ ምክር ቤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወርና መጨመር ይችላል።

ዋናው መንገድ ግን ሌላ ነው። ምክር ቤቱ ለወደፊት ዓመታት ገዥው የግድ ሊመድበው የሚገባውን መጠን በሕግ ሊያስር ይችላል። የትምህርት ገንዘብ ቀመር የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላለ ልጅ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ የሚጨመረው ሁሉ በቀመሩ ውስጥ የተጻፈ ነው። የቦርድ አባል ስለ ቀመሩ አንዲት ቁጥር ለወራት የሚከራከረው፣ ያቺ ቁጥር አንድ ጊዜ ከገባች በየዓመቱ ስለምትከፍል ነው።

ገዥው ሕጉን ውድቅ ቢያደርገውስ?

ሁለቱም ምክር ቤቶች በሦስት አምስተኛ ድምፅ፣ ማለትም በ29 ሴናተሮችና በ85 ዴሌጌቶች፣ ሊሽሩት ይችላሉ። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ብሉፕሪንት የሚባለው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ነው። በ2016 የተቋቋመውና የቀድሞው የዩኒቨርሲቲዎች ቻንስለር ዊልያም ከርዋን የመሩት ኮሚሽን ለዓመታት አጥንቶ ባቀረበው ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ረቂቅ በማርች 2020 ጸደቀ፤ ያ ጉባኤ በኮሮና ምክንያት ከጊዜው ቀድሞ የተዘጋው ነበር። ገዥው ላሪ ሆገን ወጪውን በመጥቀስ በሜይ ውድቅ አደረጉት፤ ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2021 ሻረው። ለትምህርት ቤት ግንባታ እስከ 2.2 ቢሊዮን ዶላር የሚፈቅደው ሌላ ሕግ ከብሉፕሪንት ጋር ታስሮ ስለነበር፣ ሁለቱም በአንድነት ወደ ሥራ ገቡ። ሕንፃ የሚፈልገው ካውንቲ ለብሉፕሪንቱም እንዲቆም ያደረገ አሠራር ነው፤ በጎነቱን አንባቢ ይፍረድ፣ ብልሃቱ ግን አይካድም።

ሕጉ ከጸደቀ የቦርዱ አባላት በየዓመቱ ለምን ይመላለሳሉ?

በአንድ ጉባኤ የተሰጠ በሚቀጥለው ሊቀየር ስለሚችል ነው። ብሉፕሪንቱ የጀማሪ መምህር ደመወዝ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ከ60,000 ዶላር እንዳያንስ አዘዘ፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ነጻ ቅድመ መደበኛ ትምህርትን አስፋፋ፤ መምህሩም ከሥራ ሰዓቱ 60 በመቶውን ብቻ ክፍል ውስጥ እንዲያስተምር፣ ቀሪውን ከባልደረቦቹ ጋር ለመዘጋጀትና ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎችን ለመርዳት እንዲያውል አሰበ። በ2025 ግን ስቴቱ የበጀት ጉድለት ገጥሞት ሳለ፣ በገዥው ዌስ ሙር የቀረበውና ምክር ቤቱ አሻሽሎ ያጸደቀው ሕግ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ለተወሰኑ ዓመታት አዘገየው።

መዘግየቱን የደገፉ የቦርድ አባላትም ነበሩ፤ የመምህራኑ የማስተማሪያ ሰዓት ሲቀንስ ያንን ክፍል የሚሸፍን ሌላ መምህር መቀጠር አለበት፣ መምህር ግን በሚፈለገው ቁጥር አይገኝም። የተዘገየው ጊዜ ሲያበቃ ጥያቄው ሳይቀየር ስለሚመለስ፣ በየካውንቲው የጎደሉ መምህራንን ቁጥር ይዞ በጃንዋሪ ኮሚቴ ፊት የሚቀመጥ ሰው ያኔም ያስፈልጋል።